የጋሼ ቅዳሜ፦ ለመሐንዲስነት ፈቃድ ፈተና ስለ መዘጋጀት

የዛሬው ዝግጅታችን ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውን ሰው ይመለከታል። አገር ቤት 5 ዓመት የለፋበት የምህንድስና ዲግሪ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከልደት ወረቀቱ ሥር ተኝቷል። ባለቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የግብር ወረቀት ሲፈልግ ያየዋል፤ መሳቢያውን መልሶ ይዘጋዋል። እኔም ያንን መሳቢያ ለ6 ዓመት ስከፍትና ስዘጋ ኖሬያለሁና የምናገረውን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም።

ወሬዬን ከአንድ ቅዳሜ ልጀምር። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮቱ ጥግ ባለች አንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ለፈተናው የምንዘጋጅና አልፈንም ሌሎችን የምናግዝ አራት አምስት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡትን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አገር ቤት 14 ዓመት በመስኖና በመጠጥ ውሃ ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። እዚህ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ አድረው፣ ቤት ገብተው ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻይ በቴርሞስ ይዘው ይመጣሉ። ከማናችንም ቀድመው የሚደርሱት እርሳቸው ናቸው።

በዚያች ቅዳሜ ጥያቄው የቦይ ጥያቄ ነበር። ወርዱ 4 ጫማ፣ የውሃው ጥልቀት 2 ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን የኮንክሪት ቦይ አለ። የማኒንግ የሻካራነት ቁጥሩ፣ ኤን የሚባለው፣ 0.013 ነው። ቁልቁለቱ በየ10,000 ጫማው 16 ጫማ ነው። በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ውሃ ያሳልፋል? እኛ ገና ጥያቄውን እያነበብን ጋሼ ጨርሰው እርሳሳቸውን አስቀመጡ። መልሳቸው 24.6 ነበር። ከምርጫዎቹም መካከል 24.6 ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ከቀመሩ ፊት ያለችውን ቁጥር የት ጣሏት?» አልኳቸው።

«የቷን ቁጥር? ማኒንግ ላይ አንድ በኤን ነው እንጂ ሌላ ምን አለ ልጄ?»

«አንድ የሚሆነው በሜትር ሲሠሩ ነው። በጫማ ሲሆን 1.486 ነው።»

ዝም አሉ። የፈተናውን የቀመር መጽሐፍ፣ ሃንድቡኩን፣ ከፍተው ቀመሩን አዩት። ከዚያ እንደገና አሰሉት፤ 36.6 መጣ። «እኔ በዚህች ቀመር ስንት ቦይ ሠርቻለሁ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

አድማጮቼ፣ ልብ በሉልኝ። ሰውዬው ቀመሩን ያውቁታል። የቦዩን ስፋትና እርጥብ ዙሪያ አስልተው ሃይድሮሊክ ራዲየሱ 1 ጫማ መሆኑን በቃላቸው ነው ያገኙት። የቁልቁለቱ ካሬ ሩት 0.04 እንደሆነም ካልኩሌተር ሳይነኩ ተናግረዋል። የጎደለባቸው ነገር እውቀት አልነበረም። እጃቸው ለ14 ዓመት በሜትር ሲሠራ ኖሮ ጫማን አያውቅም። እዚያች ጠረጴዛ ዙሪያ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ከእኛ አገር የመጣ መሐንዲስ ይህን ፈተና የሚፈራው እውቀቱ የጠፋበት እየመሰለው ነው። እውቀቱ ግን አለ። መሠልጠን ያለበት እጁ ነው። የዛሬውን ወሬዬን ሁሉ በዚህ ሐሳብ አዳምጡኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ፈተናው ራሱ ጥቂት ልበል፤ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ስለሚሆን። አሜሪካ ውስጥ መሐንዲስ ለመባልና በንድፍ ላይ ማህተም ለማሳረፍ ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ ነው፤ የፌደራል መንግሥት አይደለም። ይህ ነገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 በዋዮሚንግ ግዛት ነው። በዚያ ዘመን ለውሃ መብት የሚቀርቡ ካርታዎችና ፕላኖች ላይ ሙያው የሌላቸው ሰዎች፣ ጠበቆች ጭምር፣ መሐንዲስ ነን እያሉ ይፈርሙ ነበር። የግዛቱ ዋና መሐንዲስ ይህን አይቶ ሕግ እንዲወጣ አደረገ። ዛሬ እያንዳንዱ ግዛት፣ ዲሲም ጭምር፣ የራሱ ቦርድ አለው። ፈተናውን ግን ለሁሉም የሚያዘጋጀው አንድ ብሔራዊ ምክር ቤት ነው፤ በምኅጻሩ ኤንሲኢኢኤስ ይባላል።

ፈተናዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኤፍ ኢ ይባላል፤ ኮሌጅ ውስጥ የተማርነውን መሠረታዊ ነገር ይጠይቃል። ሁለተኛው ፒ ኢ ነው፤ እሱ በሥራ ላይ የዳበረውን ችሎታ ይፈትናል። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ፈቃድ የሚገኘው ሁለቱን ፈተና ካለፉና ወደ 4 ዓመት የሚጠጋ የሥራ ልምድ ካስመሰከሩ በኋላ ነው። አንዳንድ ግዛቶች ልምዱ ሳይሞላ ፒ ኢን እንድትፈተኑ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም። አገር ቤት የሠራችሁት ዘመን እንዴት እንደሚቆጠርም የየቦርዱ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከጓደኛ ከመስማት የራሳችሁን ግዛት ቦርድ በጽሑፍ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ያለው ወዳጃችሁ የሄደበት መንገድ ሜሪላንድ ላለው ላይሠራ ይችላል።

አሁን ከምንም በፊት ልናገረው የምፈልገው የወረቀት ጉዳይ አለ። ብዙ ሰው መጽሐፍ ገዝቶ፣ ወራት አጥንቶ፣ ከዚያ ወረቀቱ ሲጓተትበት ተስፋ ይቆርጣል። ውጭ አገር ለተማረ ሰው ብዙ ቦርዶች የትምህርት ማስረጃው እንዲመዘን ይጠይቃሉ። ይህን ምዘና የሚያደርገው ያው ኤንሲኢኢኤስ ነው። የሚያየው የዲግሪውን ስም ብቻ አይደለም፤ ስንት ክሬዲት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ ስንት ክሬዲት የምህንድስና ትምህርት እንደወሰዳችሁ ኮርስ በኮርስ ይቆጥራል። ለሥራ ቅጥር ወይም ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ያሠራችሁት ሌላ ግምገማ ካላችሁ፣ ቦርዱ ይቀበለው እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ትራንስክሪፕቱ ደግሞ በእናንተ እጅ አይሄድም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ መላክ አለበት።

እዚህ ላይ አገር ቤት የምትኖር እህት ወይም የአጎት ልጅ ታስፈልጋለች። ሬጅስትራር ቢሮ ድረስ ሄዳ፣ ማመልከቻ አስገብታ፣ ክፍያውን ከፍላ፣ «ተልኳል ወይ?» እያለች የምትጠይቅ ሰው ማለቴ ነው። እኔ ይህን ሥራ ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፤ ሰባት ጊዜ ተመላልሳለች። የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫ ሊጠይቋችሁ ስለሚችሉም፣ የድሮ ካታሎግ ካገኛችሁ ገጹን በስልክ አስነሥታችሁ አስቀምጡ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የጥናት መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የትራንስክሪፕቱን ማመልከቻ አስገቡ። ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ሲጓዝ እናንተ ታጠናላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ጥናቱ እንግባ። ኤፍ ኢ 110 ጥያቄዎች አሉት። የምትሠሩበት ጊዜ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ይህን ለጥያቄዎቹ ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ወረቀት አይሰጣችሁም፤ የሚሰጣችሁ በማርከር የሚጻፍበትና የሚጠፋ፣ እንደ ላስቲክ ያለ ደብተር ነው። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን በእርሳስና በካሬ ወረቀት ለለመደ ሰው ወፍራም ማርከር መያዝ ራሱ ጭንቀት ነው፤ ጽሑፉ ይገዝፋል፣ ገጹ ቶሎ ይሞላል፣ እጅጌ ሲነካው ይጠፋል። ጋሼ አንዲት ነጭ ሰሌዳ በጥቂት ዶላር ገዝተው ላለፉት ሁለት ወራት የሚለማመዱት በእሷ ላይ ብቻ ነው። እጅጌያቸውንም ጠቅልለው መሥራት ለምደዋል።

መጽሐፍ ይዞ መግባት የለም። ቀደም ሲል የፒ ኢ ተፈታኞች መጽሐፍ በሻንጣ እየጎተቱ ይገቡ ነበር፤ የሲቪል ፒ ኢም ከ2024 ጀምሮ ወደ ኮምፒውተር ስለተዛወረ ያ ዘመን አልፏል። የድሮ ተፈታኝ «ይህን መጽሐፍ ካልያዝክ አታልፍም» ቢላችሁ፣ እርሱ የተፈተነው ሌላ ፈተና መሆኑን አስታውሱ። አሁን ሃንድቡኩ ከጥያቄው ጎን ስክሪኑ ላይ ይከፈታል፤ ቃል ጽፋችሁ ትፈልጉበታላችሁ። ይኸው ሃንድቡክ በኤንሲኢኢኤስ ድረ ገጽ አካውንት ለከፈተ ሁሉ በነፃ ይወርዳል። ዛሬ ማታ ልታወርዱት ትችላላችሁ።

ብዙ ሰው ግን ሃንድቡኩን ያወርድና እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል። ሃንድቡኩ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም፤ እንደ ወጥ ቤት መደርደሪያ ነው። በርበሬው የት እንዳለ፣ ኮረሪማው የት እንዳለ እጃችሁ ማወቅ አለበት። ወጡ ምድጃ ላይ ሆኖ ማሰሮ እየከፈተ የሚያሸት ሰው ሽንኩርቱን ያሳርራል። እጅ መደርደሪያውን የሚለምደው ደግሞ በመሥራት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥያቄ ስትሠሩ፣ ቀመሩን በቃላችሁ ብታውቁት እንኳ፣ ሃንድቡኩን ክፈቱና አግኙት። የምትፈልጉበትን ቃልም ምረጡ። «ቢም» ብላችሁ ብትፈልጉ በብዙ ቦታ ይመጣባችኋል፤ የቀመሩን ሙሉ ስም ብትጽፉ ግን ቀጥታ ያደርሳችኋል። ሃንድቡኩ ለአንድ ነገር የሚጠቀምበት ስም እኛ ኮሌጅ ከተማርነው ስም የሚለይበት ጊዜ አለ። ያንን ልዩነት በደብተራችሁ ጫፍ ጻፉት።

ስለ ዩኒት ልመለስ፤ ከጉዳዩ ሁሉ ይህ ነውና የሚያሳስበኝ። 1.486 ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ አድማጭ ይኖራል። 1 ሜትር 3.281 ጫማ ነው። የ3.281 ኩብ ሩት ብታወጡ 1.486 ይመጣል። ሜትርን ወደ ጫማ ስናዛውር የሚመጣ ትርፍ ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የላትም። ይህን ለጋሼ ባሳየኋቸው ቀን ፊታቸው ፈካ። ከዚያ በኋላ አልረሷትም፤ ምክንያቱን ያወቁት ቁጥር እንደ ዘመድ ነው፣ ስሙ አይጠፋም።

ኤፍ ኢ ሁለቱንም የመለኪያ ዓይነቶች ይጠቀማል፤ ፒ ኢ ሲቪል ላይ ግን ፓውንድና ጫማ ይበዛሉ። አንዳንዱ ሰው ጥያቄውን ወደ ሜትር ለውጦ፣ በሜትር ሠርቶ፣ መልሱን ወደ ጫማ ይመልሳል። ይህ በ3 ደቂቃ አይሆንም፤ ሁለቴ ሲለወጥም ሁለት የስሕተት በር ይከፈታል። በጫማ ማሰብን ልመዱ። 1 ኪዩቢክ ጫማ ውሃ 62.4 ፓውንድ ይመዝናል። 1 ኪዩቢክ ጫማ 7.48 ጋሎን ይይዛል። 1 ኪፕ 1,000 ፓውንድ ነው። 1 ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ነው። አሁን የቆማችሁበት የመኖሪያ ቤት ወለል በእያንዳንዱ ካሬ ጫማ 40 ፓውንድ የሰውና የዕቃ ጭነት እንዲሸከም ነው በአብዛኛው የሚነደፈው። ሳሎናችሁን በጫማ ለኩ፤ ገንዳችሁን በጋሎን ቁጠሩ። ቁጥሩ ስሜት እንዲኖረው ማድረግ ነው ሥራው፤ ለተሳሳተ መልስ «ኧረ ይሄ በዛ» የሚል ዓይን የሚመጣው ከዚያ ነው። መካኒካል የምትፈተኑ ደግሞ ፓውንድ ክብደትም መጠነ ቁስም ሆኖ እንደሚመጣ፣ በመካከላቸውም 32.2 እንደሚገባ ከአሁኑ በእጃችሁ ተለማመዱት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የተሳሳተው መልስ ምርጫው ውስጥ መኖሩ በአጋጣሚ አይደለም። ጥያቄ አዘጋጁ ሰው የት እንደሚሳሳት ያውቃል፤ ያንን ስሕተት አስልቶ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ «መልሴ ምርጫው ውስጥ አለ» ማለት ማረጋገጫ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ጊዜ አጠቃቀም ከራሴ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ ወድቄያለሁ። የወደቅሁት ባለማወቅ አልነበረም። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ መካከል ላይ 25 ደቂቃ እረፍት ይሰጣል። የመጀመሪያውን ክፍል አስረክባችሁ ወደ እረፍት ከወጣችሁ ወደዚያ ክፍል መመለስ አይቻልም። ጊዜውን ግን ማንም ለሁለት አይከፍልላችሁም፤ ያላችሁ አጠቃላይ 320 ደቂቃ ነው፣ እንዴት እንደምታካፍሉት የእናንተ ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ላይ እያንዳንዱን እንደ ሥራ ቦታ ስሌት ሦስት ጊዜ ሳረጋግጥ 220 ደቂቃ በላሁ። ለቀረው ግማሽ 100 ደቂቃ ብቻ ተረፈኝ። መጨረሻ ላይ ጥሩ አድርጌ የማውቃቸውን የአፈርና የመንገድ ጥያቄዎች ሳላነባቸው ነበር የምነካቸው። ከፈተናው ክፍል ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይህን ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን በአንድ ዙር እለፉ፤ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ሥሩ፣ መንገዱ የታያችሁን ግን ረጅም የሆነውን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፣ ጨርሶ ያልገባችሁን ደግሞ አንድ ግምት መርጣችሁ ምልክት አድርጉና ቀጥሉ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስምና ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም። በሁለተኛው ዙር ረጅሞቹን፣ በሦስተኛው አስቸጋሪዎቹን። የመጀመሪያው ክፍል 160 ደቂቃ ሲሞላ፣ የቀረ ቢኖርም፣ አስረክቡ። ቤት ስትለማመዱም በዚሁ ሰዓት ይሁን። ከ55 ጥያቄ ጋር 160 ደቂቃ፣ ስልክ ሌላ ክፍል፣ ልጆች ከአያታቸው ጋር።

ካልኩሌተርን በተመለከተ የሚፈቀዱት ጥቂት ዓይነቶች ብቻ ናቸው፤ ከካሲዮ ኤፍኤክስ 115ና ኤፍኤክስ 991፣ ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ 30ኤክስና ቲአይ 36ኤክስ፣ ከኤችፒ ደግሞ 33ኤስና 35ኤስ። አንዱን ምረጡና ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፈተናው ድረስ በእሱ ብቻ ሥሩ። ሌላ አትንኩ።

አሁን ወደ አንድ የተናቀ ምዕራፍ ልውሰዳችሁ። የሲቪል ኤፍ ኢ ላይ ከ5 እስከ 8 ጥያቄ የምህንድስና ኢኮኖሚ ነው። ብዙ ሰው «ይህማ የአካውንታንት ነው» ብሎ ይዘለዋል። እኔ ግን ጀማሪን ከዚህ አስጀምራለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ይህን ትምህርት በዕቁብ ተምረነዋል። 10 ሰው ሆናችሁ በወር 500 ዶላር ትጥላላችሁ እንበል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው በ1ኛው ወር 5,000 ዶላር ይወስዳል። መጨረሻ የደረሰው በ10ኛው ወር ያንኑ 5,000 ይወስዳል። ቁጥሩ አንድ ነው። ግን እናንተ የትኛውን ዕጣ ትመርጣላችሁ? ማንም ሳያስበው «የመጀመሪያውን» ይላል። ለምን? ገንዘቡ በ9 ወር ቀደም ብሎ ሠርቶ ሊያድር ስለሚችል። በወር 1 በመቶ ወለድ ካሰብን፣ የመጨረሻው ሰው 5,000 በ1ኛው ወር ሚዛን ሲታይ 4,572 ዶላር ገደማ ነው። 428 ዶላር ጊዜው በላው ማለት ነው። ይኸው ነው የምዕራፉ መሠረት። ቀሪው፣ በሃንድቡኩ ውስጥ ያሉትን የወለድ ሰንጠረዦች ማንበብ ነው። በአንድ ሳምንት ሊጨረስ የሚችል፣ በፈተናው ላይ ደግሞ ጊዜ የሚቆጥብ ክፍል ነው።

ሥነ ምግባር የሚባለውም ክፍል እንዲሁ ይናቃል። ከ4 እስከ 6 ጥያቄ ነው። ስለ እሱ ግን ነጥቡን ትቼ ሌላ ነገር ማለት እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ሰው ተሰብስቦ ይጨፍር ነበር። ከአዳራሹ በላይ በብረት ዘንጎች የተንጠለጠሉ የእግረኛ ድልድዮች ነበሩ። በመጀመሪያው ንድፍ የ4ኛውና የ2ኛው ፎቅ ድልድዮች ከጣሪያ በሚወርድ አንድ ረጅም ዘንግ ላይ እንዲንጠለጠሉ ታስቦ ነበር። በግንባታው ጊዜ ለሥራ እንዲቀል ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ የ4ኛው ፎቅ ከጣሪያ፣ የ2ኛው ፎቅ ደግሞ ከ4ኛው ፎቅ ድልድይ እንዲንጠለጠል ተደረገ።

ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ሰዎችን አስቡ። ሁለቱም ገመዱን ቢይዙ እያንዳንዱ የሚሸከመው ራሱን ነው። የታችኛው ሰው የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን የላይኛው ሰው እጅ የሁለቱን ክብደት ይሸከማል። በዚያ ድልድይ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የ4ኛው ፎቅ ማያያዣ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሆነ። የለውጡ ሥዕል በመሐንዲሶቹ በኩል ሲያልፍ የማለፊያ ማህተም አርፎበታል፤ ስሌቱን ግን ማንም እንደገና አልሠራውም። ድልድዮቹ ወደቁ፤ 114 ሰዎች ሞቱ። ኃላፊዎቹ መሐንዲሶች በሚዙሪ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

ይህን ታሪክ ቅዳሜ ጠረጴዛችን ላይ ሳወራው ጋሼ ሻያቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እጥፍ መሆኑን ለማወቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብለው ጠየቁኝ። የኃይል ሥዕሉን ነጭ ሰሌዳቸው ላይ ራሳቸው ሣሉት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ያ ሥዕል የአንደኛ ዓመት ስታቲክስ ነው፤ ፈተናው ላይ «ነፃ አካል ሥዕል» ብለን የምንሠራው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እርሳቸው ስታቲክስን ለነጥብ ብለው አያጠኑትም።

(አጭር ሙዚቃ)

ለሠራተኛ ሰው ስንት ሰዓት ይበቃል ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ኮሌጅ ከወጣ 10 ወይም 20 ዓመት ለሆነው ሰው በሳምንት 10 ሰዓት፣ ለ5 ወር ብትይዙ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ወደ 200 ሰዓት ይመጣል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሒሳቡ ትኩስ የሆነለት ባነሰ ይጨርሳል። ዋናው የሰዓቱ ብዛት አይደለም፤ ከ10ሩ ሰዓት 8ቱ ጥያቄ እየሠራችሁ ያለፈ መሆኑ ነው። ቪዲዮ መመልከት ያማልላል። ሌላ ሰው ሲፈታው ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል፤ ማርከሩን ስንይዝ ግን የት እንደምንጀምር እናጣለን።

የስሕተት ደብተር ያዙ። የጋሼን ደብተር አንድ ቀን ለምኜ አየሁት። በእያንዳንዱ መስመር የጥያቄው ርዕስ፣ የሰጡት መልስ፣ ትክክለኛው መልስ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ብቻ። «ዩኒት»፣ «አላነበብኩም»፣ «ሃንድቡክ»፣ «አላውቅም»። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ከግማሽ በላይ የሚሆነው «ዩኒት» ነበር። «አላውቅም» የሚለው ግን በየገጹ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ። ሰውየው ዓመታት ሙሉ «ሁሉም ጠፍቶብኛል» ሲሉ ኖረዋል፤ ደብተራቸው ግን ሌላ ይናገራል። ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ስንመጣ «ዩኒት» የሚለው ቃል እየሳሳ ሄዷል።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። የሚያጠና ሰው ያለበት ቤት ውስጥ የምትኖሩ ባለቤቶች፣ ይህ ሰው ለ5 ወር ለቅሶና ሠርግ ሁሉ ላይገኝ ይችላል። እባካችሁ እናንተ ሄዳችሁ ስሙን አድርሱለት። እድርተኛው ሲጠይቅ «ፈተና ላይ ነው» ማለት አያሳፍርም። የእኔ ባለቤት ይህን ለሁለት ዙር ፈተና አድርጋልኛለች፤ ፈቃዴ ላይ የሰፈረው የእኔ ስም ይሁን እንጂ ግማሹ የእሷ ነው።

የወደቃችሁም ካላችሁ አድምጡኝ። የኤፍ ኢ ውጤት ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይመጣል። አለፈ ወይም ወደቀ ነው የሚለው፤ ነጥብ አይነግራችሁም። ለወደቀ ሰው ግን በየርዕሱ እንዴት እንደሠራ የሚያሳይ ሪፖርት ይሰጣል። ያንን ሪፖርት በንዴት አትጣሉት። እኔ አንድ ሳምንት ሳልከፍተው ቆይቼ ነበር፤ ስከፍተው የነገረኝ ነገር ከማንም አስተማሪ ይበልጥ ነበር። ፈተናው ሦስት ወር በሚቆይ በእያንዳንዱ የፈተና ወቅት አንድ ጊዜ፣ በ12 ወር ውስጥ ደግሞ እስከ 3 ጊዜ ይፈቀዳል። ደካማ ርዕሶቻችሁን ብቻ ለይታችሁ ለሁለት ወር ሥሩባቸው፤ በቀጣዩ ወቅት ተመለሱ።

ጋሼ ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፓቸውን ወደ እኔ አዙረው «ልጄ፣ ይህቺን እየው» አሉኝ። የፈተና ቀናቸውን ይዘዋል። ሐሙስ ቀን፣ ከሌሊት ሥራቸው እረፍት ባለባቸው ቀን። «ከነጋ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ?» አልኳቸው። «ከነጋ። ከዚያ በፊት ሁለት ሌሊት ፈቃድ ወስጃለሁ። ተኝቼ ነው የምገባው» አሉ። ከዚያ ነጭ ሰሌዳቸውን ጠርገው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ገቡ።

ለዛሬ የመረጥኩላችሁን የቤት ሥራም ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው። እርሳስና ወረቀት ያዙ። 10 ጫማ ጥልቀት ውሃ የያዘ፣ ከላይ የተከፈተ ገንዳ አለ። በገንዳው ወለል ላይ ውሃው የሚያሳድረው ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች ስንት ፓውንድ ነው? የውሃውን ክብደት ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ። በ1 ካሬ ጫማ ውስጥ ስንት ካሬ ኢንች እንዳለ ግን እናንተው አስቡበት። ወደ ሜትር ሳትለውጡ ሥሩት። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት፣ ከጋሼ ጋር ሆነን እንሠራዋለን።